ሥራ ያልናቀው ቀራጺ፤ ቶማስ ቢዊክ

በኪሳችን የምንይዘውን የገንዘብ ኖት አውጥተን ብንመለከተው፣ በመሥሪያ ቤታችን ደብዳቤ ግርጌ የሚያርፈውንም ማኅተም ብናስተውለው፣ ከሁለቱም በስተጀርባ አንድ ሙያ እናገኛለን። ይኸውም በብረት ወይም በእንጨት ላይ ቅርጽን ቆፍሮ በማውጣት በወረቀት ላይ እንዲታተም የሚያደርገው የቀራጺ ሙያ ነው። ፎቶግራፍ ከመፈልሰፉ በፊት በአውሮፓ አንድ ሰው በታተመ መጽሐፍ ውስጥ ሥዕል ለማየት የሚችለው ይህ ባለሙያ በደከመው ድካም ነበር። ሠዓሊው የሠራው ሥዕል በአንድ ባለጸጋ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሲቀር፣ የቀራጺው ሥራ ግን በሺህ እየተባዛ በተማሪውም፣ በነጋዴውም፣ በገበሬውም ቤት ይገባ ነበር።

ከዚህ ሙያ ሰዎች መካከል ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናስተዋውቀው እንግሊዛዊውን ቶማስ ቢዊክን ነው። ቢዊክ በዓለም የታወቀው ስለ እንግሊዝ አእዋፍ ባዘጋጀው መጽሐፍ ነው። ነገር ግን የዕድሜውን አብዛኛውን ቀን ያዋለው በአእዋፍ ሥዕል ላይ ሳይሆን በሰዓት ፊት፣ በማኅተም፣ በውሻ አንገት ማሠሪያና በሬሳ ሣጥን ሰሌዳ ላይ ነበር። ታዲያ ታላቁ ሥራ የመጣው ከእነዚህ ጥቃቅን ሥራዎች በማምለጥ ነውን? ወይስ ከእነዚሁ ውስጥ የተወለደ ነው? ከትምህርት ቤት ወጥተው የመጀመሪያውን የሥራ ጠረጴዛ ለያዙት፣ ነገም ለሚይዙት ወጣቶች ይህ ጥያቄ ሊታሰብበት የሚገባ ይመስለናል። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውሳለን።

በመቃብር ድንጋይ ላይ የሣለ ልጅ

ቶማስ ቢዊክ በ1753 በሰሜን እንግሊዝ በኖርዘምበርላንድ ግዛት፣ ከታይን ወንዝ ዳር በምትገኘው ቼሪበርን በምትባል ስፍራ ተወለደ። አባቱ አነስተኛ እርሻ በኪራይ የያዘና የድንጋይ ከሰል ጉድጓድ የሚያሠራ ሰው ነበር። ቶማስ ከስምንት ልጆች የመጀመሪያው ነው።

ልጁ ለትምህርት ወደ ቄሱ ትምህርት ቤት ቢላክም ልቡ ከላቲን ሰዋስው ይልቅ በወንዙ ዳር ካሉት ወፎችና ከብቶች ጋር ነበር። የደብተሩና የመጽሐፉ ኅዳግ ሁሉ በሥዕል ከተሞላ በኋላ፣ ጠመኔ ይዞ የመቃብር ድንጋዮችንና የቤተ ክርስቲያኑን ደጀ ሰላም ወለል መሣያ አደረጋቸው። ቤቱም ሲገባ የምድጃውን ዙሪያ ድንጋይ በጠመኔ ይሞላው ነበር። በዚያ ጊዜ ከቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ከተሰቀለው የንጉሥ አርማና ከመጠጥ ቤት ምልክቶች በቀር ሌላ ሥዕል አላየም። የሥዕል መምህርም አልነበረውም። መምህሩ ያየው ነገር ሁሉ ነበር ማለት ይቻላል።

የቤይልቢ ሱቅ

በ1767፣ ዕድሜው 14 ዓመት በሆነ ጊዜ፣ በኒውካስል ከተማ ራልፍ ቤይልቢ በተባለ ቀራጺ ዘንድ ለሰባት ዓመት ሙያ እንዲማር በውል ገባ። ይህ ሱቅ የሥነ ጥበብ አዳራሽ አልነበረም። ቤይልቢ ከደጁ የመጣውን ሥራ ሁሉ ይቀበል ነበር። ቢዊክ በሸመገለ ጊዜ በጻፈው የሕይወት ታሪኩ የሱቁን ሥራ ሲዘረዝር፣ የሬሳ ሣጥን ሰሌዳ፣ የትንባሆ ፒፓና የጠርሙስ ማውጫ ቅርጽ፣ የነሐስ የሰዓት ፊት፣ የበር ስም ሰሌዳ፣ የመጽሐፍ ጠራዦች ፊደል፣ የብረት፣ የብርና የወርቅ ማኅተም፣ የሐዘን ቀለበት፣ በብር ዕቃ ላይ የሚቀረጽ የቤተሰብ አርማ፣ የባንክ ኖት፣ የሐዋላ ወረቀትና የነጋዴ ፋክቱር እያለ ይሄዳል።

ወጣቱ ተማሪ በመጀመሪያ የተሰጠው ከባዱና ሸካራው ሥራ ነበር። የነሐስ የሰዓት ፊት ሲቀርጽ ከመዋሉ የተነሣ እጁ እንደ አንጥረኛ እጅ ደንድኖና ሰፍቶ እንደ ነበር ራሱ ጽፏል። ሆኖም በዚህ ሥራ ሳለ ሳይታወቀው ሁለት ነገር አተረፈ። አንደኛው የማይንቀጠቀጥ እጅ ነው፤ ሁለተኛውም ከማናቸውም ዓይነት ብረትና እንጨት ጋር መላመድ ነው።

ቤይልቢ የእንጨት ቅርጽ ሥራን አይወድም ነበር። በዚያ ዘመን የእንጨት ቅርጽ ለመንገድ ዳር የዘፈን ወረቀትና ለርካሽ መጽሐፍ ብቻ የሚሆን፣ የተናቀ ሥራ ነበርና። የተከበረው በመዳብ ሰሌዳ ላይ የሚቀረጸው ነው። ስለዚህ የእንጨት ሥራ ወደ ሱቁ በመጣ ቍጥር ለተማሪው ይተላለፍ ጀመር። በኒውካስል አስተማሪ የነበረው፣ በኋላም ስመ ጥር የሒሳብ ሊቅ የሆነው ቻርልስ ሃተን ስለ ልክ አሰጣጥ ላዘጋጀው የሒሳብ መጽሐፍ የሚያስፈልጉትን የመስመር ሥዕሎች በእንጨት የቀረጸው ይኸው ወጣት ነበር። ለአንድ መጠጥ ቤት የሒሳብ ወረቀትም ቅዱስ ጊዮርጊስ ዘንዶውን ሲወጋ የሚያሳይ ሥዕል ቀረጸ። ይህች ትንሽ ሥዕል በከተማው ታይታ ስለ ተወደደች ተመሳሳይ ሥራ የሚያዝዙ ሰዎች በዙ። የልጆች መጽሐፍ አታሚዎችም መጡ።

እንግዲህ አንባቢ ያስተውል። ቢዊክ ስሙን ያስጠራበት ሙያ ጌታው ንቆ የተወለት ሥራ ነው።

ከለንደን መመለስ

በ1776 በለንደን የሚገኘው የሥነ ጥበብ ማበረታቻ ማኅበር ለተረት መጽሐፍ በሠራቸው የእንጨት ቅርጾች ሽልማት ሰጠው። ከወርቅ ሜዳይና ከሰባት ጊኒ ገንዘብ እንዲመርጥ ቢጠየቅ ገንዘቡን መረጠ፤ ወስዶም ለእናቱ ሰጣት። በዚሁ ዓመት በጋ ስኮትላንድን በእግሩ ዞረ፤ በበልጉም በከሰል ጫኝ መርከብ ተሳፍሮ ወደ ለንደን ሄደ። ዕድሜው 23 ዓመት ነበር።

በለንደን ሥራ አላጣም፤ ጓደኛም አላጣም። ነገር ግን ከተማይቱ አልተስማማችውም። እጅግ የበዛ ሀብትና እጅግ የከፋ ድህነት ጎን ለጎን ሲሄዱ ማየቱ ከበደው። በጻፈው ደብዳቤም የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ከመባል ይልቅ በትውልድ መንደሩ ኮረብታ ላይ በግ መጠበቅን እንደሚመርጥ ገለጸ። አንድ ዓመት እንኳ ሳይሞላው በ1777 ወደ ኒውካስል ተመለሰ፤ ከቀድሞ ጌታው ከቤይልቢም ጋር በሽርክና መሥራት ጀመረ።

ብዙ ወጣት ስሙ የሚነሣው በዋና ከተማ ሲኖር ብቻ ይመስለዋል። ቢዊክ ግን ወደ ዳር አገር የተመለሰው ሥራውን ትቶ ለመቀመጥ አልነበረም። ሊሥላቸው የሚፈልጋቸው ነገሮች፣ ማለትም ወንዙ፣ አጥሩ፣ በረዶ የለበሰው መስክ፣ የገበሬውና የዓሣ አጥማጁ ኑሮ፣ በዚያ ስለሚገኙ ነው። ወላጆቹ በ1785 እስኪሞቱ ድረስም በየሳምንቱ ወደ ቼሪበርን በእግሩ እየሄደ ይጠይቃቸው ነበር።

የእንጨቱ ምስጢር

ስለ መጽሐፎቹ ከመናገራችን በፊት የሥራውን ዘዴ በአጭሩ እንግለጽ። በመዳብ ሰሌዳ ላይ ሲቀረጽ ቀለሙ የሚገባው በተቈፈረው መስመር ውስጥ ነው። ስለሆነም ሥዕሉ ከፊደሉ ተለይቶ በሌላ ከባድ ማተሚያ መታተም አለበት። ይህ ዋጋውን ያንረዋል። በእንጨት ሲሆን ግን ቀለሙ የሚያርፈው እንደ ማተሚያ ፊደል ሁሉ ሳይቈፈር በቀረው ገጽ ላይ ነው። የእንጨቱ ቁመት ከፊደሉ ቁመት ጋር ከተስተካከለ ሥዕሉና ጽሑፉ በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ማተሚያ ይወጣሉ።

የቀድሞዎቹ ሠራተኞች ግንዱ በርዝመቱ ሲሰነጠቅ የሚገኘውን ሳንቃ በቢላዋ ይቀርጹ ነበር። ቢዊክ ግን ቦክስ የሚባለውን እጅግ ጠንካራ እንጨት አግድም አስቆርጦ፣ በተቈረጠው ጫፍ ላይ ለመዳብ በሚያገለግለው ስለታም መቅረጫ ብረት ይሠራ ነበር። ይህን ዘዴ መጀመሪያ የፈለሰፈው እርሱ ነው ባይባልም፣ ማንም ባልደረሰበት ደረጃ ያደረሰው ግን እርሱ ነው። ጥቁር መስመር ለማስቀረት ዙሪያውን ከመቈፈር ይልቅ ነጩን መስመር ራሱን እንደ ጠመኔ ይሥለው ነበር። በሩቅ መታየት የሚገባውን ተራራና ሰማይ ደግሞ የእንጨቱን ገጽ ጥቂት ፍቆ ዝቅ ያደርገዋል፤ በዚያም ቦታ ቀለሙ ፈዘዝ ብሎ ይታተማል። እንጨቱም በቶሎ አያልቅም። ለጋዜጣ ከሠራቸው ቅርጾች አንዱ ከ900,000 ጊዜ በላይ እንደ ታተመ ራሱ መስክሯል።

እንግዲህ በብረት ላይ የተማረውን ጥበብ ወደ እንጨት ማሻገር የቻለው ሁለቱንም ስለ ሠራ ነው። የሰዓት ፊት ባይቀርጽ ኖሮ የወፍ ላባ ለመቅረጽ የሚበቃ እጅ ማግኘቱ ያጠራጥራል።

በማታ የተሠራ መጽሐፍ

ቢዊክ በልጅነቱ ያያቸው የእንስሳት መጻሕፍት ሥዕላቸው እጅግ መጥፎ ስለ ነበር የተሻለ መሥራት ይመኝ ነበር። በ1785 ሥራውን ጀመረ። የመጀመሪያውን የግመል ሥዕል የቀረጸው በዚያ ዓመት ኖቬምበር 15 ቀን፣ አባቱ በሞተበት ዕለት ነበር። ቀን ቀን የሱቁን ትእዛዝ ሲሠራ ይውላል፤ የመጽሐፉን ሥዕል የሚቀርጸው ግን ማታ ማታ ነው። የጽሑፉን ክፍል ያዘጋጀው ቤይልቢ ነበር። “የአራት እግር እንስሳት አጠቃላይ ታሪክ” የተባለው ይህ መጽሐፍ ከአምስት ዓመት ድካም በኋላ በ1790 ታተመ፤ ወዲያውም ስለ ተሸጠ በ1791 ሁለተኛ ጊዜ፣ በ1792 ሦስተኛ ጊዜ ታትሟል።

በዚህ መካከል በ1789 የሠራው የቺሊንግሃም ኮርማ ሥዕል ተደናቂ ነው። በቺሊንግሃም መናፈሻ የሚኖሩት ነጫጭ የዱር ከብቶች ሰው አያስጠጉም። ስለዚህ ቢዊክ በሌላ ኮርማ ተሸንፎ ከመንጋው የተለየውን አንዱን በቍጥቋጦ ውስጥ እየዳኸ ተጠግቶ አየው። ሥዕሉ ለእርሱ ከፍ ያለ ሥራ ነበር፤ ዳሩ ግን ጥቂት ቅጂ እንደ ታተመ እንጨቱ ተሰነጠቀ። ከስንጥቁ በፊት በብራና የታተሙት ቅጂዎች እስከ ዛሬ እጅግ ይፈለጋሉ።

ስለ ከብት ካነሣን አይቀር አንድ ታሪክ እንጨምር። በዚያ ዘመን የከብት እርባታ ባለጸጎች የሰቡ በሬዎቻቸውንና በጎቻቸውን አሥለው ማሳየት ይወዱ ነበር። ቢዊክ በአንድ ወቅት ለእንዲህ ያለ ሥራ ተጠርቶ ያየውን ሣለ። ባለቤቶቹ ግን በዓይን ያልታየ ስብ እዚህም እዚያም እንዲጨምርላቸው ጠየቁት። ሌሎች ሠዓሊዎች የተባሉትን አድርገው ገንዘባቸውን ሲቀበሉ እርሱ ግን ያላየውን ስብ አልሥልም ብሎ ሄደ። የሬሳ ሣጥን ሰሌዳ ለመቅረጽ ያላፈረ ሰው በዚህ አፈረ። ቢዊክ ሥራን በትንሽነቱ አልናቀም፤ በሐሰተኛነቱ ግን ይንቅ ነበር።

የአእዋፍ መጽሐፍና የስም ክርክር

ቀጥሎ የመጣው “የብሪታንያ አእዋፍ ታሪክ” ነው። በ1791 በዮርክሺር ግዛት ዊክሊፍ በተባለው ስፍራ በአንድ ባለጸጋ ቤት የተሰበሰቡትን፣ ቆዳቸው በጭድ የተሞላ አእዋፍ ሊሥል ሄዶ ሁለት ወር ያህል ተቀመጠ። ነገር ግን የደረቁት ወፎች አንገታቸው የተጣመመ፣ አቋማቸውም ከተፈጥሮ የራቀ መሆኑን ተገነዘበ። ከዚያ በኋላ በተቻለ መጠን አዳኞች ገና እንደ ተገደሉ የሚልኩለትን ወይም በሕይወት ያሉትን መሣል መረጠ። ስለዚህ ሥራው ብዙ ዓመት ወሰደ። የየብስ አእዋፍ ክፍል በ1797፣ የውሃ አእዋፍ ክፍል በ1804 ታተመ።

በመጀመሪያው ክፍል መታተም ጊዜ በሁለቱ ሸሪኮች መካከል ጠብ ተነሣ። ጽሑፉን ያዘጋጀው ቤይልቢ በመጽሐፉ ፊት ላይ ደራሲ ተብሎ ስሙ እንዲገባ ፈለገ። ቢዊክ ደግሞ የመጽሐፉ ሕይወት ሥዕሉ ሆኖ ሳለ፣ ጽሑፉንም አርሞና ጨምሮበት ሳለ ይህ እንዴት ይሆናል አለ። ነገሩ በወዳጆች ሽምግልና ታይቶ ማንም ደራሲ ተብሎ እንዳይጠራ ተደረገ። ሽርክናው ግን በዚሁ አበቃ፤ ቢዊክም የቤይልቢን የመጽሐፍ ድርሻ ገዝቶ የሁለተኛውን ክፍል ጽሑፍ ራሱ አዘጋጀ። እኛ በዚህ ክርክር ቤይልቢን ፈጽሞ ልንኰንነው አንፈልግም። ቢዊክን ያስተማረው እርሱ ነውና። ነገር ግን የእጅ ሥራ የሚሠራ ሰው ብዕር ከሚይዝ ሰው በታች ተደርጎ የሚታይበትን ልማድ ቢዊክ መቃወሙ ተገቢ ነበር እንላለን።

በምዕራፍ መጨረሻ ያሉት ትንንሽ ሥዕሎች

ብዙ ሰዎች ከአእዋፉ ይልቅ የሚወዱት ጽሑፉ ሲያልቅ በቀረው ባዶ ቦታ ላይ የሚገቡትን፣ ከመዳፍ የማይበልጡትን ሥዕሎች ነው። በእነዚህ ውስጥ የገጠሩ ሰው ኑሮ ከነሣቁና ከነዕንባው ይታያል። አንድ ገበሬ የድልድይ ቀረጥ ላለመክፈል የላሙን ጭራ ይዞ ወንዙን ሲሻገር ባርኔጣው በውሃ ተወስዶበታል፤ ቀረጡን ሲያተርፍ ባርኔጣውን አጣ። ሞግዚቷ ስትዘናጋ ሕፃኑ የፈረስ ጭራ ሊስብ ነው፤ እናቱ እየሮጠች ትመጣለች። ዓይነ ስውር ለማኝ በውሻው እየተመራ ይሄዳል። ለጦር ድል መታሰቢያ የቆመው ሐውልት ደግሞ የአህያ ማከኪያ ሆኗል። ቢዊክ ስለ ጦርነት ከንቱነት የሚያስበውን በንግግር ሳይሆን በዚህች አህያ ገልጾታል።

እነዚህ ትንንሽ ሥዕሎች ቢዊክ በሱቁ ዘመኑን ሁሉ ከሠራቸው የመጠጥ ቤት ወረቀቶችና የንግድ ካርዶች በመጠን አይለዩም። ብዙ ነገር በትንሽ ስፍራ መናገርን የተለማመደው በእነርሱ ላይ ነው።

የባንክ ኖትና የአውራ ጣት አሻራ

ከቢዊክ ሱቅ ሥራዎች የሰው ነፍስን የሚመለከት አንድ ነበረ፤ እርሱም የባንክ ኖት ነው። ከ1797 እስከ 1821 ድረስ የእንግሊዝ ባንክ ኖትን በወርቅ መለወጥ ተከልክሎ አነስተኛ ዋጋ ያላቸው ኖቶች በብዛት ወጡ። ኖቶቹ አቀራረጻቸው ቀላል ስለ ነበር ሐሰተኛው በዛ፤ ቅጣቱም ስቅላት ነበር። በእነዚያ ዓመታት በዚህ ወንጀል ከ300 በላይ ሰዎች ተሰቅለዋል። ከእነርሱም ብዙዎቹ ኖቱን የሠሩት ሳይሆኑ ሲያስተላልፉ የተያዙ ድሆች ነበሩ። ለሰሜን እንግሊዝ ባንኮች ኖት የቀረጸው ቢዊክ የዚህ መድኀኒቱ ገመድ ሳይሆን የተሻለ ቅርጽ ነው ብሎ ያምን ነበር። የሠለጠነ እጅ በረቀቀ ሁኔታ የቀረጸውን ሥዕል ተራ አጭበርባሪ ሊመስለው አይችልምና።

ይህንኑ ሐሳብ ለራሱም ተጠቅሞበታል። “የኤዞፕ ተረቶች” የተባለውን መጽሐፉን በ1818 ሲያሳትም ሐሰተኛ ቅጂ እንዳይወጣ ለገዢዎች በሚሰጠው ደረሰኝ ላይ የአውራ ጣቱን አሻራ አትሞበታል። የጣት አሻራ የሰው መለያ መሆኑ በፖሊስ ሥራ ላይ ከመዋሉ ከብዙ ዓመት በፊት ነው።

ሞትን የሚጠብቀው ፈረስ

ቢዊክ ሱቁን ትምህርት ቤትም አድርጎት ነበር። ወንድሙ ጆን፣ ሉክ ክለኔል፣ ቻርልተን ኔዝቢትና ዊሊያም ሃርቬይ ከእርሱ ተምረው የወጡ ናቸው። ከሞተም በኋላ በ19ኛው መቶ ዓመት በሥዕል የተሞሉ ጋዜጦች፣ እንደ 1842ቱ “ኢለስትሬትድ ለንደን ኒውስ” ያሉት፣ ሊወጡ የቻሉት እርሱ ባስፋፋው የእንጨት ቅርጽ ዘዴ ነው። አሜሪካዊው የአእዋፍ ሠዓሊ ኦዱቦን በ1827 ድረስ መጥቶ ጎብኝቶታል። ሻርሎት ብሮንቴም በ1847 በታተመው “ጄን ኤይር” ልብ ወለድ መጀመሪያ ላይ ወላጅ አልባዋን ልጅ በመስኮት ሥር አስቀምጣ የምታስነብባት የቢዊክን የአእዋፍ መጽሐፍ ነው። በ1830 የታወቀ አንድ የዝይ ዘመድ ነጭ የውሃ ወፍም በስሙ ተጠርቷል።

የመጨረሻ ሥራው “ሞትን መጠበቅ” የተባለ ትልቅ የእንጨት ቅርጽ ነበር። አርጅቶ አጥንቱ የወጣ፣ ጌቶቹ ተጠቅመውበት የጣሉት ፈረስ በዝናብ ውስጥ ብቻውን ቆሞ ይታያል። ቢዊክ በእንስሳት ላይ የሚደረገውን ጭካኔ ለመቃወም ያሰበውን ይህን ሥራ ሳይጨርስ በ1828 ኖቬምበር 8 ቀን በ75 ዓመቱ ዐረፈ። በልጅነቱ በጠመኔ ድንጋዮቹን ይሥልባቸው በነበረው በኦቪንግሃም ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ተቀበረ። የተወለደባት ቤት ዛሬ ለጎብኝዎች ክፍት ናት።

የሱቁ የሒሳብ መዝገቦች እስከ ዛሬ ድረስ በኒውካስል ተጠብቀው ይገኛሉ። በእነርሱ ውስጥ ታላቁ መጽሐፍ ሲሠራ በነበረባቸው ዓመታት እንኳ ማኅተሙ፣ የውሻ ማሠሪያው፣ የሣጥኑ ሰሌዳ ከነዋጋቸው ተራ በተራ ተመዝግበዋል። ቢዊክ ለታላቅ ሥራ ጊዜ እስኪያገኝ ድረስ እጁን አጣምሮ አልተቀመጠም፤ ቀኑን ለዳቦው፣ ማታውን ለሐሳቡ ከፈለው፤ ለሁለቱም ያዋለው ያንኑ እጅ ነው። ከመሥሪያ ቤታችን የተሰጠን ሥራ ደብዳቤ መገልበጥ ወይም መዝገብ ማስተካከል ብቻ ነው ብለን የምናዝን ወጣቶች ይህን የሒሳብ መዝገብ ብናስብ ደግ ነው። ዛሬ በጥንቃቄ የምንሠራት ትንሽ ሥራ ነገ ለምንሠራው ሥራ እጃችንን እያሠለጠነችው ይሆናል።